በማገዶ ምድጃ ውስጥ ያረጁ የእሳት ጡቦችን ስለ መለወጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በትምህርት ቤቶች፣ በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላት፣ በጤና ተቋማትና ሠራተኞቻቸውን በጋራ በሚመግቡ ማኅበራት ወጥ ቤቶች ውስጥ ትልልቅ ድስትና ጎላ የሚጣድባቸው በጡብ የተገነቡ የማገዶ ምድጃዎች ይገኛሉ። እነዚህ ምድጃዎች በተሠሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ጭሳቸውም አነስተኛ ነው። ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ግን «ምድጃው እንጨት ይበላል፤ ያጨሳል» የሚል አቤቱታ ከወጥ ቤት ሠራተኞች መቅረቡ የተለመደ ነው። ሁኔታው በቅርብ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ምድጃው ሳይሆን እሳቱን በቀጥታ የሚከብቡት ጡቦች ሆነው ይገኛሉ። ይህን ባለማወቅ ምድጃውን አፍርሶ ወደ ሦስት ጉልቻ መመለስ፣ ወይም ማኅበሩ አዲስ ምድጃ እንዲገዛ መወሰን አላስፈላጊ ኪሣራ ያስከትላል። ጡቦቹን አንድ ግንበኛና አንድ ረዳት በአንድ ቀን ሊለውጧቸው ይችላሉ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች በትክክል ካልተሠሩ የተጠገነው ምድጃ ካልተጠገነው የባሰ ይሆናል። እነርሱም የጡቡ ዓይነት፣ የማያያዣው ጭቃና የማድረቂያው ጊዜ ናቸው።

የሰብል ባለሙያ ስለ ምድጃ ጡብ መጻፉ ሊያስገርም ይችላል። ይሁንና በደጋው አካባቢ እንጨት ባነሰ ቁጥር ወደ ምድጃ የሚገባው ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት መሆኑን የልማት ሠራተኛው በየዕለቱ ያየዋል። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ቢቀሩም አመዱ ወደ ማሳ የሚመለሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በምድጃ ውስጥ ያለች ስንጥቅ ጡብ የአፈር ለምነት ጉዳይም ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጡቦቹ ለምን ይበላሻሉ

በምድጃው ውስጥ የፍሙ ሙቀት ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። በእሳቱ በኩል ያለው የጡብ ፊት በዚህ መጠን ሲግል፣ የጀርባው ፊት ገና ለብ ያለ ነው። የጋለው በኩል ይሰፋል፤ ያልጋለው ግን አይሰፋም፤ በሁለቱ መካከል ጡቡ ይሰነጠቃል። ይህ ቀስ በቀስ የሚደርስ ሲሆን ለዓመታት ምንም ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ጉዳቱን የሚያፋጥነው የአጠቃቀም ጉድለት ነው።

ከሁሉም የከፋው እሳቱን በውሃ ማጥፋት ነው። ምግቡ ከበሰለ በኋላ ፍሙን ለከሰል ለማትረፍ ሲባል ውሃ በምድጃው ውስጥ ይረጫል። ከ800 ዲግሪ በላይ የጋለ ጡብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ የጡቡ ገጽ በድንገት ይሸማቀቃል፤ በዓመታት ሊደርስ የሚገባው ስንጥቅም በአንድ ቀን ይደርሳል። ፍሙን በአካፋ አውጥቶ ከደጅ በአፈር ወይም በክዳን ማፈን ያንኑ ከሰል ያስገኛል። ይህን አንድ ልማድ ብቻ ማስቀረት የጡቦቹን ዕድሜ በእጅጉ ያራዝማል።

ሁለተኛው ምክንያት የማገዶው ምት ነው። ወፍራም ግንድ በኃይል እየተገፋ ሲገባ ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት ያለውን የኋላ ግድግዳ ይደበድባል። ስለዚህ በአብዛኛው ቀድመው የሚወድቁት የኋለኛው ግድግዳ የታችኛዎቹ ሁለት ረድፎችና የአፉ ሁለት ጎኖች ናቸው። እንጨቱን በክንድ ውፍረት ልክ ፈልጦ ማስገባት ይህን ያስቀራል፤ ለእሳቱም የተሻለ ነው።

ሦስተኛው አመድ ነው። የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለበት። እነዚህ በከፍተኛ ሙቀት ከጡቡ ሸክላ ጋር ሲገናኙ የጡቡን የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርጋሉ፤ በዚህም ምክንያት በጡቡ ፊት ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ይፈጠራል። ቅርፊቱ ሲረግፍ ከጡቡ ገጽ ይዞ ይሄዳል። የጭድና የአገዳ አመድ ከእንጨት አመድ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ አገዳ በብዛት የሚያነድዱ ወጥ ቤቶች ይህን ቅርፊት ቶሎ ያዩታል። በየቀኑ ጠዋት፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ አመዱን መጥረግ ጥሩ መከላከያ ነው።

የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መለየት

የተሰነጠቀ ጡብ ሁሉ አይለወጥም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጡቡ ሲሰፋና ሲጠብ የሚፈጠር የተፈጥሮ መተንፈሻ ነው፤ በቦታው እስከቆመ ድረስ ሥራውን ይሠራል። መለወጥ ያለበት ስንጥቁ 6 ሚሊሜትር ያህል ሲከፈት፣ የጡቡ ውፍረት በመፈርፈር ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ በምስማር ሲጫሩት እንደ አሸዋ ሲረግፍ፣ ወይም በእጅ ሲነኩት ሲነቃነቅ ነው። ከነዚህ አንዱ ከታየ ከኋላው ያለው የሙቀት መከላከያ ሙሊትም ወደ እሳቱ ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይመረመራል። ምድጃው በሚነድበት ሰዓት የውጭውን ግድግዳ በእጅ ጀርባ ዳስሶ አንዱ ቦታ ከሌላው በጣም የጋለ ከሆነ ከጀርባው ሙሊት የሌለበት ቦታ ስለ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ በብርቱ የምናሳስበው ነገር አለ። ጎላውን የተሸከመው ማነው? ጥሩ ሆኖ በተሠራ ምድጃ ውስጥ የጎላው ክብደት የሚያርፈው በውጭው ግድግዳ ወይም በብረት እግሮች ላይ ነው፤ የእሳት ጡቦቹ ከራሳቸው ክብደት በቀር ሌላ አይሸከሙም። በአንዳንድ ወጥ ቤቶች ግን ብረቱ ሲታጠፍ ወይም ሲሰረቅ ጎላው በእሳት ጡቦቹ ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ይገኛል። 100 ሊትር ሾርባ የያዘ ጎላ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በእሳት የተዳከመ ግድግዳ ይህን ተሸክሞ እየፈላ ሳለ ቢናድ የሚያቃጥለው አጠገቡ የቆመችውን ወጥ ሠሪ ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ የተገኘ እንደሆነ የልማት ሠራተኛው ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ አገልግሎቱ እንዲቆም ማድረግ ይኖርበታል። የዕለቱ ምግብ መዘግየቱ አይቀርም፤ ቢሆንም በዚህ ነገር መደራደር አይገባም።

ከባድ ጡብና ቀላል ጡብ

የእሳት ጡብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባዱ ጡብ ሲሆን የተለመደው መጠኑ 230 በ114 በ64 ሚሊሜትር ነው፤ ክብደቱ ወደ 3.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ምትና ፍትጊያ ይችላል። ሁለተኛው ቀላሉ ጡብ ነው። ይህ የሚሠራው ሸክላ አፈርን ከሰጋቱራ ወይም ከመሰል ነገር ጋር በማቡካት ነው፤ ጡቡ ሲበስል ሰጋቱራው ነዶ ይጠፋና ጥቃቅን ክፍት ቦታዎች በውስጡ ይቀራሉ። በተመሳሳይ መጠን የተሠራ ቀላል ጡብ ክብደቱ 1.2 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ይንሳፈፋል። ለምት ደካማ ነው፤ ሙቀትን ግን ይዞ አያስቀርም፣ ወደ ውጭም በቀላሉ አያሳልፍም።

ብዙ ግንበኞች «ከባዱ ጠንካራ ነው» በማለት ቀላሉን ጡብ አውጥተው በቦታው ከባዱን ይሠሩበታል። ምድጃው ሲታይ ያማረና የጠነከረ ይመስላል፤ ወጥ ሠሪዎቹ ግን በማግሥቱ እንጨት እንደጨመረባቸው ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው። 30 ከባድ ጡቦች 105 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። የእነዚህ ጡቦች አማካይ ሙቀት በ400 ዲግሪ ከፍ እንዲል 40 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይጠጣሉ። ይህም ከ2 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ደረቅ እንጨት ሙሉ ሙቀት ማለት ነው፤ ድስቱ ገና ምንም ሳያገኝ። የ30 ቀላል ጡቦች ክብደት 36 ኪሎ ግራም ስለሆነ የሚጠጡት ሙቀት ከከባዶቹ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ምድጃው ጠዋትና ማታ ከቅዝቃዜ የሚነሣ ከሆነ ልዩነቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይደገማል። በተጨማሪም ቀዝቃዛ ግድግዳ ነበልባሉን ስለሚያበርድ እንጨቱ በሚገባ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ስለሆነም ደንቡ የወጣውን ጡብ በዓይነቱ መተካት ነው። ከዚህ የምንለየው እንጨቱ በሚመታቸው ቦታዎች፣ ማለትም በአፉ ወለልና ጎኖች እንዲሁም በኋለኛው ግድግዳ የታችኛው ረድፍ ላይ ነው፤ እነዚህ ቀድሞ በቀላል ጡብ ተሠርተው ቢሆን እንኳ በከባድ ቢተኩ ይመረጣል። የዳቦ ፉርኖ ነገር ግን የተለየ ነው። ፉርኖ እሳቱ ከወጣ በኋላ ጡቡ በያዘው ሙቀት የሚጋግር ስለሆነ ከባዱ ጡብ ለእርሱ ትክክለኛው ነው። ከዳቦ ቤት የመጣ ግንበኛ የወጥ ምድጃን እንደ ፉርኖ ቢሠራ አይፈረድበትም፤ ልዩነቱን አስቀድሞ ማስረዳት የልማት ሠራተኛው ድርሻ ነው።

የጡቡ ውፍረትም ቀላል ነገር አይደለም። የእሳት ክፍሉ ስፋት 20 በ20 ሴንቲሜትር ነበር እንበል። 64 ሚሊሜትር ውፍረት በነበረው ጡብ ፈንታ ባለ 76 ሚሊሜትር ቢገባ ከየጎኑ 12 ሚሊሜትር ይጠብባል፤ ክፍሉም 17.6 በ17.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። በስፋት ሲሰላ ከ400 ወደ 310 ካሬ ሴንቲሜትር መውረዱ ነው፤ ሩብ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። አየሩ ያንሳል፣ ጭሱም በአፉ በኩል ይመለሳል። ስለዚህ ማኅበሩ ጡብ ከመግዛቱ በፊት አንድ የድሮ ጡብ አውጥቶ ይዞ መሄድ አለበት።

በሚገዛበት ጊዜ ሁለት ከባድ ጡቦችን እርስ በርስ ማጋጨት ጥሩ መፈተኛ ነው። በደንብ የበሰለ ጡብ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልበሰለ ወይም ውስጡ የተሰነጠቀ ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። አንዱን ሰብሮ መሐሉን ማየትም ተገቢ ነው፤ መሐሉ ጠቁሮ ከተገኘ አልበሰለም። በአካባቢው ካሉ ሸክላ ሠሪዎች ጡብ ማሠራት የሚቻልበት ቦታ ብዙ ነው። ሸክላ ሠሪዎች ምጣድን የሚያህል ለእሳት የተጋለጠ ዕቃ ሠርተው የሚያዘልቁ ባለሙያዎች ስለሆኑ አፈር አመራረጣቸውን ከእኛ የተሻለ ያውቁታል። የመጀመሪያውን ጥቂት ጡብ በአንድ ምድጃ ለአንድ ወር ፈትኖ ከዚያ ብዛት ማዘዝ ይመከራል።

የማያያዣው ጭቃ

ለእሳት ክፍል ሲሚንቶ አይሆንም። ይህ በየቦታው የሚጣስ ደንብ ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃን በውስጡ አሥሮ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ይህ የታሠረ ውሃ ይለቀቃል፤ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደግሞ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው የኖራ ክፍል ወደ ጥሬ ኖራነት ይለወጣል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ይህ ኖራ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በሚቀጥለውም ቀን እንደገና ይግላል። በዚህ አኳኋን መገጣጠሚያው ዱቄት ይሆናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሲሚንቶው ጡቡን አጥብቆ ስለሚይዝ ጡቡ መስፋት ሲፈልግ መንቀሳቀሻ ያጣና ራሱ ይሰነጠቃል።

«ታዲያ ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶ ይሠራ የለምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የምርጥ እንጀራ ምድጃ በእርግጥም ከሲሚንቶና ፐሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድብልቅ ይሠራል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸርም ማገዶን እስከ ግማሽ እንደሚቆጥብ ይታወቃል። ነገር ግን ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ፐሚሱም ለመስፋትና ለመጥበብ ቦታ ይሰጣል፤ ነበልባሉ በሰፊው ምጣድ ሥር ተበትኖ ያልፋል እንጂ እንደ ወጥ ምድጃ በጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ቀኑን ሙሉ አይነድም። ሲያረጅም የሚለወጠው ሙሉ ክፍሉ ነው። ከእርሱ ተነሥቶ ለጠባብ የእሳት ክፍል ሲሚንቶ ይሆናል ማለት አይቻልም።

ትክክለኛው ማያያዣ የሸክላ አፈርና የተፈጨ ገል ድብልቅ ነው። ገል ማለት የተሰበረ ምጣድ፣ ጋን፣ ማሰሮ ወይም የተሰበረ የእሳት ጡብ ስብርባሪ ሲሆን በሙቀጫ ተወቅጦ በዱቄት ወንፊት ይነፋል። አንድ እጅ ሸክላ አፈር ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ገል ጋር በደረቁ ተደባልቆ፣ በውሃ ርሶ ቢያንስ ሌሊቱን ያድራል። ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው እርሱ ነው። የወንዝ አሸዋ በገል ፈንታ ማስገባት ይቻላል፤ ሆኖም አሸዋው ኳርትዝ ካለበት በ573 ዲግሪ ላይ ኳርትዙ በድንገት ስለሚሰፋ መገጣጠሚያውን ያላላዋል። ገል በየመንደሩ ተጥሎ እያለ አሸዋ መግዛት አያስፈልግም።

አፈሩ ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት መሆን አለበት። ጥቁር አፈር፣ ማለትም ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው፣ ፈጽሞ አይሆንም። ይህ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ሲሰነጠቅ በማሳ ላይ ሁላችንም አይተነዋል፤ በመገጣጠሚያ ውስጥም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ጭድ የገባበት ጭቃም ለእሳት ክፍል አይሆንም፤ ጭዱ ነዶ ባዶ ቦታ ይተዋል። ለምድጃው የውጭ ልስን ግን ጭድም እበትም መልካም ነው።

ድብልቁን ለመፈተን ከጭቃው 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የጣት ውፍረት ቁራጭ ይሠራና በላዩ ላይ በቢላዋ 10 ሴንቲሜትር የተራራቁ ሁለት ጭረቶች ይደረጋሉ። በጥላ ደርቆ ሲለካ በጭረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ9.6 ሴንቲሜትር በታች ከወረደ ጭቃው ብዙ ይኮማተራልና ገል ይጨመርበታል። ቁራጩ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ ደግሞ ሸክላ አፈሩ አንሷል።

የሥራው አካሄድ

ምድጃው ከሥራው በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት መቀዝቀዝ አለበት። ጡብ ሲፈርስ የሚነሣው አቧራ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ከማፍረስ በፊት ውሃ አርከፍክፎ ማራስና አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። በአሮጌ ምድጃዎች ዙሪያ አስቤስቶስ የሚመስል ነጭ ጭረት ያለበት ገመድ ወይም ሰሌዳ ከተገኘ ሥራውን አቁሞ የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ አለመንካት ይገባል።

አንድም ጡብ ከመነሣቱ በፊት የእሳት ክፍሉ ስፋት፣ ከወለሉ እስከ ድስቱ ሥር ያለው ቁመት፣ የአፉ ቁመትና ስፋት ተለክተው በደብተር ይጻፋሉ። ምድጃውን የነደፈው ሰው እነዚህን ልኮች በግምት አላወጣቸውም። በብዙ ቦታ የተሠራው ባለ ክርን ቅርጽ ምድጃ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላሪ ዊኒያርስኪ በአሜሪካ ያስተዋወቀው አሠራር ሲሆን፣ ቁጠባው በሙሉ የተመሠረተው በነዚህ ክፍሎች መመጣጠን ላይ ነው። ጡቦቹ ከላይ ወደ ታች በመሮና በቀላል መዶሻ ይነሣሉ፤ በየረድፉም በከሰል ቁጥር ይጻፍባቸዋል። በአንድ ፊታቸው ብቻ የተበሉ ጡቦች አይጣሉ፤ ጭቃቸው ተፍቆ፣ ደኅናው ፊት ወደ እሳቱ ዞሮ ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ። ከ30 ጡቦች ምናልባት 10 ወይም 12 በዚህ መንገድ ይድናሉ።

አዲሶቹ ጡቦች መጀመሪያ ያለ ጭቃ በቦታቸው ይደረደራሉ። መቆረጥ ያለበት በዚህ ጊዜ ይታወቃል። ቀላል ጡብ በአሮጌ መጋዝ ይቆረጣል፤ ከባዱ ዙሪያውን በመሮ ተበጅቶ አንድ ጊዜ ሲመታ በመስመሩ ላይ ይከፈላል። የተቆረጠው ፊት ሁልጊዜ ከእሳቱ ይሸሻል። ልኩ ከደብተሩ ጋር መስማማቱ ከታየ በኋላ ጡቦቹ ተነሥተው አንድ በአንድ ለጥቂት ጊዜ ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ደረቅ ጡብ የጭቃውን ውሃ በቅጽበት ስለሚመጥ ጭቃው ሳይይዝ ይቀራል።

ጭቃው እንደ እርጎ ላላ ብሎ በጡቡ ሥርና ጎን ይቀባል፤ ጡቡም ወዲያና ወዲህ እየታሸ ከተቀመጠ በኋላ በእንጨት መዶሻ ይመታል። መገጣጠሚያው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ መሆን አለበት። ግንበኞች በቤት ግንብ እንደለመዱት አንድ ጣት ውፍረት ያለው ጭቃ ያደርጋሉ፤ በእሳት ውስጥ ግን ወፍራም መገጣጠሚያ ቀድሞ የሚረግፍ ቦታ ነው። ጭቃ ጡቡን ማስቀመጫ እንጂ ጉድለት መሙያ አይደለም። የላይኛው ረድፍ መገጣጠሚያ ከታችኛው ጋር በአንድ መስመር እንዳይውል ጡቦቹ ተቀያይጠው ይደረደራሉ፤ በየረድፉም በውሃ ልክ ይታያል።

በእሳት ጡቡና በውጭው ግድግዳ መካከል ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ክፍተት ተትቶ በደረቅ ፐሚስ ወይም በተነፋ የእንጨት አመድ ይሞላል። ፐሚስ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ እንደልብ ይገኛል፤ በሌላ ቦታ አመድ ይበቃል። ይህ ሙሊት ሙቀት ከመከላከሉ ሌላ ጡቡ ሲግል የሚሰፋበት ቦታ ይሰጠዋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የእሳት ጡብ ግድግዳ በሚገባ ሲግል 5 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ብረትም እንዲሁ ይሰፋል፤ ስለዚህ የፌሮ ፍርግርግ ወይም የላሜራ በር በጡብ መካከል ተጣብቆ መገንባት የለበትም። በብረቱ ዙሪያ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ለመተው ካርቶን ጠቅልሎ መገንባት ቀላል ዘዴ ነው፤ ካርቶኑ በመጀመሪያው እሳት ይነዳል፣ ክፍተቱ ግን ይቀራል።

ሲያልቅ የውስጡ ገጽ በርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጡቦቹን ከውስጥ በጭቃ መለሰን ያምራል እንጂ አይጠቅምም፤ ልስኑ በሳምንት ውስጥ ተልጦ ወደ ፍሙ ይወድቃል።

ማድረቅና የመጀመሪያው እሳት

ብዙ ደኅና ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በጡቡና በጭቃው ውስጥ የቀረ ውሃ በድንገት ሲፈላ ከ1,600 እጥፍ በላይ የሚሰፋ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣም ጡቡን ይፈነቅለዋል። ስለዚህ ምድጃው ያለ እሳት በበጋ ቢያንስ 7 ቀን፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ሳምንት መቆየት ይኖርበታል። ትምህርት ቤቶች ሥራውን በክረምት ዕረፍት ማሠራት ይወዳሉ፤ ይህ የሚገባን ቢሆንም ወቅቱ ለማድረቅ አመቺ አይደለም። በግማሽ ዓመት ዕረፍት ቢደረግ ይሻላል፤ በክረምት ካልሆነ ካልተባለ ግን በሐምሌ መጀመሪያ እንጂ በጳጉሜን መጀመር አይገባም።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ቀን በጭራሮ ብቻ ለአንድ ሰዓት፣ በሁለተኛው ቀን ለሁለት ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን በቀጫጭን እንጨት ለሦስት ሰዓት ይነዳል። ጎላ አይጣድበትም። በየቀኑ ፍሙ ከወጣና ምድጃው ለብ ካለ በኋላ በላዩ ላይ ቀዝቃዛ የብረት ክዳን ለጥቂት ደቂቃ ይደፋበታል፤ የክዳኑ ውስጥ ካላበው ውሃው አላለቀም፤ የጭራሮው እሳት አንድ ቀን ይጨመራል። በሦስተኛው ቀን ክዳኑ ደረቅ ከሆነ ምድጃው ለሥራ ደርሷል። በዚህ ጊዜ የሚታዩ የፀጉር ስንጥቆች አያስፈሩም።

ማድረቁን ለማፋጠን ሲባል የከሰል ፍም በምድጃው ውስጥ አስቀምጦ በርና መስኮት መዝጋት በአንዳንድ ቦታ ይደረጋል። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በዚያ ቤት የሚያድር ጥበቃ ወይም ሠራተኛ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ይህ በምንም ምክንያት መፈቀድ የለበትም።

ማኅበሩ ሊያዘጋጅ የሚገባው

ምድጃው ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ጎላ ምግብ የሚፈጀው እንጨት ተመዝኖ በወጥ ቤቱ ደብተር ይመዘገባል፤ በየሦስት ወሩም ይደገማል። መመዘኑ ለተመሳሳይ ምግብና ለተመሳሳይ ደረቅ እንጨት መሆን አለበት፤ እርጥብ እንጨት ቁጥሩን ያዛባዋል። በሁለት ተከታታይ ጊዜ ጭማሪ ከታየ ውስጡ ይፈተሻል። ወጥ ሠሪዎቹም ለውጡን ከሚዛኑ ቀድመው ስለሚያውቁት አስተያየታቸው አብሮ ይጻፍ።

ከጡቦቹ ጋር 6 መለዋወጫ ጡቦችና አንድ ባልዲ የተነፋ ገል ገዝቶ ወይም አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ተጨማሪ ወጪው አነስተኛ ነው። ጡቦቹ በጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብለው በእንጨት ላይ ይደርደሩ፤ ቀላሉ ጡብ እርጥበት ስለሚጠጣ በዝናብ የራሰ ከሆነ ከመገንባቱ በፊት ለብዙ ቀናት በፀሐይ መድረቅ ይኖርበታል።